ዝም አለች ብዬ ነገርኩት

አንዲት ልጅ «ስለዚህ» የሚለውን ቃል መቼ መናገር እንዳለባት ለመማር ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ነበረባት? ይህን ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት፤ መልሱን አላውቀውም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቋረጥኩት። «ስለዚህ» ለእኔ ወሬ ሊያልቅ ሲል የሚመጣ ቃል ነው። የልጅ ልጄ ሳብሪና ግን ለዚህ ቃል ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ትምህርቱ ሎጂክ ይባላል። አንደኛ ዓመት የገባ ሁሉ ይማረዋል አሉ፤ ሐኪም የሚሆነውም፣ መሐንዲስ የሚሆነውም። ዩኒቨርሲቲዋ ሩቅ ነው። ከእኛ ከተማ ከጭሮ ተነስቶ አዲስ አበባ ማደር፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ፣ ከዚያ ደግሞ እኔ ስሙን በቅጡ የማልይዘው ከተማ። ስትሄድ እስክትደርስ ድረስ ስልኬን ከእጄ አላወጣሁም። መንገድ ተዘጋ ሲባል እሰማለሁ፤ መኪና ተገለበጠ ሲባል እሰማለሁ። የጫት መኪኖቹ በራችን ላይ አቧራ እያስነሱ ሲበሩ እንኳ እሷ ያለችበትን አውቶቡስ ሊገጩ የሚሄዱ ይመስለኛል። እሷ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነው። አውቃለሁ። ማወቄ ግን ልቤን አያሳርፈውም።

እናቷ፣ ልጄ ፈርዶሳ፣ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አባቷ ሳብሪና ገና ዳዴ ሳትል ሞተ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ከሄደች በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። ለአንድ ሰው ሩዝ መቀቀል አልችልበትም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል። ቴሌቪዥኑን ሰው ያውራልኝ ብዬ ከፍቼ እተወዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየች ዓለምሸት የምትባል ነርስ አለች፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ነው የመጣችው። ደግ ልጅ ናት፣ ግን ተረኛ ስትሆን አታድርም። እንዲያ ሲሆን ግቢው ውስጥ የኔን ጫማ ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው።

ዘንድሮ ለእረፍት ስትመጣ የሎጂኩ ፈተና ወደ ኋላ ተገፍቶባቸው ስለነበር ሞጁሏን ይዛ መጣች። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጮክ ብላ ታነባለች። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ለእኔ ትፈታልኛለች።

«አኮ፣ ስሚኝማ» ትለኛለች። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ነው የምትጠራኝ። «የጭሮ ባጃጆች ሁሉ ሰማያዊ ናቸው። ይሄ ነገር ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ይሄ ነገር ባጃጅ ነው። ልክ ነው?»

«የጎረቤታችን የብረት በርም ሰማያዊ ነው፤ ማን ይሳፈርበታል?»

ከት ብላ ሳቀች። «አኮዬ! ክፍላችን ውስጥ ግማሹ ተማሪ ይሄን ስቷል እኮ!»

እኔም ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ ስስቅ ዋልኩ። ግን ደስታው ብዙም አልቆየልኝ። ፋላሲ የሚባል ምዕራፍ ላይ ደረሰች።

ፋላሲ ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ምክንያት የሚመስል፣ ግን ወደ መደምደሚያው የማያደርስ ነገር ነው» አለችኝ።

«ውሸት ማለት ነው?»

«ውሸት አይደለም። እውነት ሆኖም አያደርስም።»

ከዚያ ወዲህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ፋላሲ ሆነ። ሹራብ ልበሺ፣ የጎረቤታችን የሐጂ አክረም ልጅ ሳትለብስ ወጥታ ነው ሳንባዋን የታመመችው ስላት፣ «አንድ ሰው አይተሽ በአገር ሁሉ ፈረድሽ» ትለኛለች። ወደዚያ አገር አትመለሺ፣ እዚሁ ኮሌጅ ግቢ፣ ብትሄጂ የምሞት ይመስለኛል ስላት ደግሞ ሞጁሏን አስቀምጣ አቀፈችኝ፤ አቅፋኝም ግን አልተወችኝም። «ይሄም ፋላሲ ነው፣ አኮ። ልቤን ጎተትሽው እንጂ ምክንያት አልሰጠሽኝም።»

ምክንያት! መፍራቴ ምክንያት አይደለም እንዴ? በኋላ በኋላ ከመናገሬ በፊት ቃሌን በልቤ እያገላበጥኩ ማየት ጀመርኩ። አንዳንዱን እተወዋለሁ። የቤታችን ወሬ ቀነሰ።

በዚህ መሃል ነው ዓሊዩ የደወለው። ዓሊዩ የሟቹ አባቷ ወንድም ነው፤ ሂርና ከተማ ጫት ይነግዳል። አባቷ ስለሌለ ወሊይዋ፣ የጋብቻዋ ኃላፊ፣ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ኒካህ አይታሰርላትም። ሰውዬው ቁምነገረኛ ነው፤ ሐሰት አይናገርም፣ ሰው ላይ አይጮህም።

«አዴ ጣሂራ» አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ «ለሳብሪና ሰው መጥቷል። ጅብሪልን ያውቁታል፤ ሂርና አስፋልቱ ዳር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ልጅ። እኔ ወድጄዋለሁ። እስቲ ልጅቷን ይጠይቁልኝ።»

ጅብሪልን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ዕቃዬን ተሸክሞ ባጃጅ ድረስ አድርሶኛል፤ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ነው የሚያወራው። እና ደግሞ ሂርና! ሂርና ማለት ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ምሳ አብልቶ፣ የከሰዓቱን የዐስር ሶላት እቤት ደርሶ መስገድ ነው። ብትወልድ እኔ አርሳታለሁ። ብትታመም እኔ እደርስላታለሁ። ስልኩን ሳልዘጋ ይህን ሁሉ አሰብኩ።

በእኛ ዘንድ ልጃገረድን ወሊይዋ ፊት ለፊት አይጠይቃትም። ትልቅ ሴት ይልክባታል። ልጅቷ ታፍራለች ተብሎ ስለሚታሰብ እሺ በይ ተብላ አትገደድም፤ ዝም ካለች ዝምታዋ እሺ ይሆናል። ግን የተላከችው ሴት ዝምታውን ማየት አለባት። አንገቷን ደፍታ ፈገግ ካለች ወዳለች። እንባ ካቀረረች አልወደደችም፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ጆሮ ብቻ ሳይሆን ዓይን ያላት ሴት የምትላከው።

ማክሰኞ ማታ መግሪብ ሰግደን ስንጨርስ ጠየቅኳት። ሞጁሏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር።

«ሳብሪ፣ አጎትሽ ደውሎ ነበር። ጅብሪል የሚባል ልጅ፣ ሂርና ሱቅ ያለው፣ አንቺን ጠይቋል። ምን ትያለሽ?»

ብዕሯን ከደነችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፈገግ አላለችም፤ አላለቀሰችም። ቴሌቪዥኑ ስለ ስንዴ ያወራ ነበር። ጠበቅኳት፣ ጠበቅኳት፤ ከዚያ ተነስታ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች።

ግድግዳ ያየች ልጅ ምን ማለቷ እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። እኔንም ድሮ አክስቴ ናት የጠየቀችኝ፤ እኔም ዝም ብያለሁ። ወዴት እያየሁ እንደነበር አላስታውስም። ምን እያሰብኩ እንደነበርም ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።

በነጋታው ዓሊዩ ደወለ።

«እህ፣ ምን አለች?»

«ዝም አለች» አልኩት።

«አልሃምዱሊላህ!» አለ፤ ድምፁ በስልክ ውስጥ ሲያበራ ሰማሁት። እንዴት ዝም አለች ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም የግድግዳውን ነገር አላነሳሁም። የሆነውን ነው የነገርኩት፤ አንድም የጨመርኩት ቃል የለም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጥቶ ቀን እንደሚቆርጥ ነገረኝ። ሳብሪና ደግሞ ቅዳሜ ማለዳ ልትሳፈር ቲኬት ይዛ ነበር። ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታ ሲመጣ ነገ ጠዋት አልኩ።

እኔ ሳልነግራት ዓለምሸት ነገረቻት። ሐሙስ ከሥራ መልስ ነጩን ጋወኗን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ፣

«አንቺ ሳብሪና! እንዲህ ነው እንዴ? ደግሶ መደበቅ አለ?» አለቻት።

«ምን ደገስኩ?»

«ኧረ ተይ! ሂርና ጤና ጣቢያ የምትሠራው ጓደኛዬ ነገረችኝ። የመለዋወጫው ባለቤት ለሰው ሁሉ ስኳር እያደለ ነው አሉ። እኔ ሥጋው ባይሆን ጣፋጩ እንዳይቀርብኝ፣ ሙሽሪት!»

ሳብሪና ወደ እኔ ዞረች። ዓለምሸትም ፊቴን አየችው፤ «ወይኔ፣ ምን ቀባጠርኩ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ትጮኻለች ብዬ ትከሻዬን ሰብሰብ አድርጌ ነበር። አልጮኸችም። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ማነው እሺ ያለው?»

«አንቺ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ስጠይቅሽ።»

«ምን አልኩሽ?»

«ዝም አልሽ።»

«አኮ፣ ሰው ዝም ሲል ስንት ነገር ሊሆን ይችላል? እሺ ሊሆን ይችላል። እምቢም ሊሆን ይችላል። ደንግጦ ሊሆን ይችላል። ርቦት ሊሆን ይችላል።»

«ርቦሽ ነበር እንዴ?»

«አኮ!»

«ሩዝ ተርፎ ነበር እኮ፤ ምነው ብትነግሪኝ!»

ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሳቁ ግን አልመጣም። «እኔ ምንም ካላልኩ፣ ከዚያ ምንም ማውጣት አይቻልም። ዝም ያልኩት እምቢ ካልኩሽ ስለምታለቅሺ ነው። ብትሄጂ እሞታለሁ ላለችኝ ሴት እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? ላንቺ አዝኜ ዝም አልኩ። አንቺ ደግሞ ዝምታዬን ወስደሽ ዳርሽኝ።»

«ጅብሪል ክፉ ልጅ አይደለም። ትምህርትሽንም ያስጨርስሻል።»

«ጠይቀሽዋል?»

«አልጠየቅኩትም፤ ግን እንዲህ ሲያዩት...»

«አየሽ?» አለች። ድምፅዋ ደክሞ ነበር።

ለአጎቷ ራሷ እንድትነግረው ለመንኳት። እምቢ አለች። እሱ ፊት ወጥታ ብትናገር ትምህርቱ ዓይን አውጣ አደረጋት እንጂ አልወደደችም አይባልም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። «የተላክሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ቃሉን የወሰድሽለት አንቺ ነሽ። ነገ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ በይው፤ 'አልተስማማችም' በይው። ምክንያት አትጨምሪ። ምክንያት ካመጣሽለት ይከራከርሻል፤ አንቺ ደግሞ ትረቻለሽ።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

«በአላህ በይ።»

«ወላሂ እነግረዋለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ልብስ እያሰጣሁ ተለማመድኩ። አልተስማማችም። ለገመዱ ነገርኩት፣ ለአንሶላው ነገርኩት። አልተስማማችም። ዓለምሸት ጥርሷን እየፋቀች ወጣች።

«ማነው ያልተስማማው፣ እማማ ጣሂራ?»

«ማንም። ሳሙናው ነው፣ እጄን እየበላኝ ነው» አልኳት። ልጅቷ ነርስ ናትና እጄን ይዛ ማገላበጥ ጀመረች። ስትነካኝ ደስ አለኝ። ቅባት ሰጥታኝ ሄደች።

ዓሊዩ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ጫማውን ደጃፍ አውልቆ፣ ካልሲውን አስተካክሎ ገባ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ አዴ ጣሂራ፣ አካም ጅርቱ? ጤናዎት? እግርዎት?» እያለ ሁሉንም ጠየቀኝ። ሳብሪና ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ነበረች፤ ከመጋረጃው ሥር የእግሯ ጣቶች ይታዩኛል። ሻንጣዋን ከትናንት ጀምሮ ሸክፋ አስቀምጣዋለች።

ሻይ ቀዳሁለት። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ፈርዶሳ ጠየቀኝ፣ በጅዳ ሰላም እንደሆነች ነገርኩት። ከዚያ ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ነገ ልትሳፈር ነው የሚባለው ይቅር። ኒካሁን በሚመጣው ሳምንት እናድርገው። መንገዱ እንደሆነ አያስተማምንም። ልጅ ልኮ በስልክ ማሳደግ ምን ይባላል? እኔም ሌሊት አልተኛም፣ እርስዎም አይተኙም።»

የኔን ሐሳብ ከኔ አፍ ወስዶ የሚናገር መሰለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ እንዴ? ነቅንቄ ይሆናል።

«ግን» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገ አላህ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ። እርስዎን አምኜ ነው ለሰው ቃል የሰጠሁት። ደግሜ ልጠይቅዎት፤ ልጅቷ ወዳ ነው? ካልወደደች አሁን ይንገሩኝ። ጅብሪልን እኔ አናግረዋለሁ፤ ማንም ማንንም አይቀየምም። እርስዎ ብቻ ይንገሩኝ።»

ከዚህ በላይ ምን ያድርግልኝ? በሩን ከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ነው የቀረኝ። ምላሴ ላይ ነበረች፤ ጠዋት ለአንሶላ ስነግራት የነበረችው ያችው።

አስፋልቱ ላይ የጫት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ። ነገ ማታ ይህ ቤት ታየኝ። ሩዙ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የኔ ጫማ። ስልኬን ይዤ ተቀምጬ አዲስ አበባ ገባሽ ወይ፣ የት አደርሽ፣ ተሳፈርሽ ወይ፣ ምነው ስልክሽ አይሠራም እያልኩ። ከዚያ ሌላ ዓመት፣ ከዚያ ሌላ። ይህን ካልኩት ሄደች ማለት ነው። ይህን ካላልኩት ደግሞ...

አልኩ? አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሱን አስታውሳለሁ። ድምፅ አልወጣኝም። መጋረጃውን እንዳላይ ብዬ ምንጣፉ ላይ ያለችውን ሰማያዊ አበባ አየኋት፤ ያረጀ ምንጣፍ ነው፣ ዳር ዳሩ ተበጣጥሷል። ዓሊዩ ጠበቀኝ። መልካም ሰው ነው፤ አላጣደፈኝም። እስኪበቃኝ ጠበቀኝ።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ። «ያሳደጉትን መዳር ሆድ ያባባል። አይዞዎት፣ አዴ ጣሂራ። ሂርና ቅርብ ነው። አልሃምዱሊላህ።»

እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ። አላህ ያጋባቸው፣ አላህ ያፋቅራቸው፣ ከልጅ ከልጅ ልጅ ያድርሳቸው። የኔም እጆች ተዘረጉ። ዱዓ ሲደረግ እጅ ብቻውን ነው የሚዘረጋው። አሚን የሚለው ሳይቀር ከአፌ ወጣ፤ ያች አንዲት ቃል ያልወጣችበት አፍ።

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ።

ሳብሪና ጥቁር ሂጃቧን አድርጋለች፤ ሻንጣዋን በትከሻዋ አንግታለች። ዓሊዩ ዱዓውን አቋርጦ ቀና አለ፤ እጆቹ ግን እንደተዘረጉ ቀሩ። «ሳብሪና?» አላት፣ እንደማያውቃት ሰው። አልመለሰችለትም። በእሱና በእኔ መሃል የሻዩን ትሪ ዞራ አለፈች። በአጠገቤ ስታልፍ የቀሚሷ ጫፍ ጉልበቴን ነካኝ፤ ዓይኗን ግን አላገኘሁትም። ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች፤ አንደኛው ክር ተቋጥሮ ነበር፣ ቀስ ብላ ፈታችው፣ አሰረችው። የግቢውን በር ከፈተች።

ወደ መናኸሪያው የሚሄድ ባጃጅ ቆመላት። ሻንጣዋን አስቀድማ ገባች፤ ሄደች።